ከንቲባው የጎተቱት ጋሪ

ባለፈው ቅዳሜ ምሳዬን በልቼ ጋደም እንዳልኩ ሕልም አየሁ። ሕልም የሚባለው የሌሊቱ ብቻ ነው የሚል ሰው ካለ አልከራከረውም። የእኔ ግን በስምንት ሰዓት፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ነው የመጣው።

ታገሰ እባላለሁ። በገነሜ ከተማ ምክር ቤት የሕግ ባለሙያ ነኝ። ገነሜ ከዳር እስከ ዳር ሦስት ኪሎ ሜትር አስፋልት አላት፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ዝናብ ሲመጣ ጉልበት የሚውጥ ቀይ ጭቃ ነው። በዚያ ሳምንት የፈረስ ጋሪ ወደ አስፋልቱ እንዳይወጣ የሚከለክል ደንብ አርቅቄ ጨርሼ ነበር። ሰባት አንቀጽ ነው። ነጠላ ሰረዙ እንኳ ቦታውን አልሳተም። ምክር ቤቱ ሰኞ ሊያጸድቀው ቀጠሮ ይዟል። ሥራውን በወጉ እንደጨረሰ ሰው ደስ ብሎኝ ነበር የተኛሁት።

በሕልሜ ቢሮዬ ደጃፍ ላይ ቆሜያለሁ። ከታች በኩል ጋሪ መጣ። የሚጎትቱት ከንቲባችን አቶ ጡሚሶ ነበሩ። ግራጫ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰዋል፣ ክራባታቸውን አስረዋል፣ አፋቸው ውስጥ ልጓም ገብቷል። ጋሪው ላይ አንድ ዳማ ፈረስ እግሩን አነባብሮ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል።

«ጋሪው ላይ ውጣ፣ ታገሰ፤ ረፍዶብናል» አለኝ ፈረሱ።

«ወዴት ነው?»

«ወደ ኮረብታው። ደንብህ ዛሬ ይፈተናል።»

ከንቲባውን አየኋቸው። ልጓሙን በምላሳቸው ወደ ጉንጫቸው ገፋ አድርገው «ዝም ብለህ ውጣ። አንተ በጠየቅህ ቁጥር አለንጋው የሚያርፈው እኔ ላይ ነው» አሉኝ። ወጣሁ።

ኮረብታው ላይ ያለው የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ነው። በውኔ ስለ እሱ የማውቀው ጥቂት ነበር። በቀን ሦስት ጊዜ ደወሉን እሰማለሁ። ከዚያ ሌላ ሲስተር ልክነሽን አውቃለሁ። እዚያ የማኅበራዊ ጥናት መምህርት ናቸው፤ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ጫማቸው ሁልጊዜ ጭቃ የነካው መነኩሲት። ተማሪዎቻቸውን አስከትለው በየሰፈሩ ሲዞሩ፣ በየደጁ ተቀምጠው ሰው ሲያዋሩና ሲጽፉ አያቸዋለሁ። አንዳንድ ቀን ቢሮአችን ብቅ ይሉና «ይህን ስትወስኑ የሚነካውን ሰው አነጋገራችሁት?» ይሉናል። እኛም «በሚቀጥለው ጊዜ፣ ሲስተር» እንላለን። እሳቸውም በሚቀጥለው ጊዜ ይመጣሉ።

ዳገቱ መሃል ላይ ከንቲባው ማለክለክ ጀመሩ። «ጌታዬ፣ ትንሽ እንረፍ» ብለው ፈረሱን ለመኑት።

ፈረሱ ጋዜጣውን አጠፈ። «እኔም በዚህ ዳገት ላይ ስንት ዓመት ይህንኑ ስል ኖሬያለሁ። እናንተ የምትሰሙት ማሽካካቴን ብቻ ነው» አለ። ቢሆንም አልጨከነባቸውም። ከጋሪው ወርዶ ከኋላ ገፋላቸው። እኔም አፍሬ ወረድኩና አብሬው ገፋሁ።

ከንቲባው ትንፋሻቸው ሲመለስ ዞር ብለው «ለመሆኑ እርስዎ ካቶሊክ ነዎት?» ብለው ጠየቁት።

«እኔ ፈረስ ነኝ» አለ። «እዚያ ደግሞ ለመግባት ሃይማኖትህን የሚጠይቅህ የለም። የሚጠይቁህ ሌላ ነው።»

በሩ ጋ ስንደርስ ሰልፉ ኮረብታውን ሁለት ጊዜ ዞሮታል። የተሰለፉት በሙሉ ባለሥልጣናት ናቸው። የመምሪያ ኃላፊ፣ ዳይሬክተር፣ አማካሪ፤ ሁሉም ረቂቁን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ፀሐይ ላይ ቆሟል። በየመስኮቱ ደግሞ የሚያስተናግዱት ተራ ሰዎች ናቸው። ጀሪካን ያዘለች አንዲት ሴት ከሰልፉ ጫፍ እስከ ጫፍ እየተመላለሰች ይቅርታ ትጠይቃለች።

«ስላቆየናችሁ ይቅርታ፣ ጌቶቼ። ሲስተሙ ይሠራል። አልሠራ ያላችሁት እናንተ ናችሁ፤ ትንሽ ታገሡ።»

ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ሚኒስትር ተራው እስኪደርስ ቆሎ ይሸጣል። የሚጠቀልልበት ወረቀት የራሱ ፖሊሲ ነው። እኔም ገዛሁ። ቆሎዬን ጨርሼ ወረቀቱን ሳነብ «ባለድርሻ አካላትን ባሳተፈ መልኩ» ይላል። ገልብጬ ባየው ጀርባው ባዶ ነው።

የበሩ ጠባቂ ሸምገል ያሉ ሰው ነበሩ። መታወቂያ አልጠየቁንም። የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ማንን ጠየቃችሁ?»

ከንቲባው ልጓማቸውን አወለቁ። «ኮሚቴ አዋቅረናል» አሉ።

«ኮሚቴው ማንን ጠየቀ?»

«ኮሚቴው ንዑስ ኮሚቴ አዋቀረ።»

«ንዑስ ኮሚቴውስ ማንን ጠየቀ?»

ከንቲባው መሬት መሬት አዩ። «አበል ጠየቀ» አሉ።

ጠባቂው ወደ ሰልፉ መጨረሻ ሊመልሱን እጃቸውን ሲያነሡ ፈረሱ ጣልቃ ገባ። «እነዚህ ለመማር የመጡ ናቸው። ዋሳቸው እኔ ነኝ» አለ። ሽማግሌው ለፈረሱ ባርኔጣቸውን አንሥተው በሩን ከፈቱልን። በሕይወቴ ዋስ የሆነኝ የመጀመሪያው ፈረስ እሱ ነው።

ግቢው ውስጥ ያየሁትን ሁሉ ብናገር አልጨርሰውም። በመጀመሪያው ክፍል አንዲት ጎመን ነጋዴ ቆማ ታስተምራለች። ፕሮፌሰሮቹ ወለሉ ላይ ተቀምጠው ይጽፋሉ። አንዱ እጁን አውጥቶ «መምህርት፣ ይቅርታ፣ ገበያው ወደ ከተማው ዳር ሲዛወር ልጆችሽን ማን ያይልሻል የሚለውን ድገሚልን» አለ። እሷም ደገመችለት። ሁሉም ደግመው ጻፉ። አንዷ ፕሮፌሰር እንባዋን በእጅጌዋ ስትጠርግ አየኋት።

በሚቀጥለው ክፍል አንድ ዓይነ ስውር ሰው መሐንዲሶችን በደረጃ ላይ ይመራል። መሐንዲሶቹ ዓይናቸው ታስሯል። ዓይነ ስውሩ «ይህን ደረጃ የሠራው ማን ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። አንዱ በፍርሃት እጁን አወጣ። «ጎበዝ፤ እንግዲህ ውረድበት» አለው።

ቤተ መጻሕፍቱ ከሁሉ ገረመኝ። እዚያ ሰው መጽሐፍ አይዋስም፤ መጽሐፉ ነው ሰው የሚዋሰው። ሰዎች በመደርደሪያው ላይ በየመልካቸው ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ አራሽ፣ ሸማኔ፣ አስታማሚ፣ ከስደት ተመላሽ። አንድ ወፍራም የኢኮኖሚ መጽሐፍ ገብቶ አንዲት አስታማሚ መረጠ። እጇን ይዞ ሲወጣ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ከኋላው ጮኸበት። «በሁለት ሳምንት ትመልሳታለህ! ደግሞ እንደ ባለፈው ሰው ሳትሰማት እንዳትመልሳት!» መጽሐፉ በኀፍረት ሽፋኑን ዘጋ።

በዚህ መሃል ደወሉ ተደወለ። ሰዎቹ ወደ ጸሎት ቤቱ ይሄዳሉ ብዬ ስጠብቅ ጸሎት ቤቱ ራሱ ከቦታው ተነሣ። ጫማውን አወለቀና በባዶ እግሩ ወደ ሰዎቹ ሄደ። ማንም አልደነገጠም። በየቀኑ እንደዚያ ነው የሚያደርገው አሉኝ። ካቶሊክ አይደለሁም፤ እንደዚያም ሆኖ ሲያልፈኝ ብድግ አልኩ።

የፈተናው አዳራሽ ሰፊ ነበር። ሲስተር ልክነሽ በአዳራሹ ውስጥ ካለው ወንበር ሁሉ ባነሰችው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ፈገግ አሉልኝ። ፈታኙ ግን እሳቸው አልነበሩም። ጥቁር ካባ ለብሶ፣ ባለዘርፍ የምረቃ ቆብ ደፍቶ ከፊቴ የተቀመጠው ሰው ኤርሲዶ ነው።

ኤርሲዶን በውኔ አውቀዋለሁ። ባለጋሪ ነው፤ ዕድሜው ከአባቴ ብዙ አያንስም። ደንቡን በማረቅበት ወር ሦስት ጊዜ ቢሮዬ መጥቶ በመስኮት በኩል «አንድ ነገር ልናገር ነበር» ሲለኝ «ስብሰባ ላይ ነኝ፤ አንተ ሰውዬ ነገ ና» ብዬዋለሁ። ስብሰባ ላይ አልነበርኩም። አንቀጽ አራትን እያሳመርኩ ነበር። በሕልሜ ግን ገና ሳየው አፌ «አንተ» ለማለት እምቢ አለኝ።

«ደህና ዋሉ፣ አቶ ኤርሲዶ» አልኩ።

«ደህና ዋሉ» አሉኝ፤ በቁጣም በደስታም አልነበረም። «አንቀጽ አራትን ያንብቡልኝ።»

አነበብኩ። «ማንኛውም በእንስሳ የሚጎተት ጋሪ በአስፋልት መንገድ ላይ መንቀሳቀስም ሆነ መንገዱን ማቋረጥ ፈጽሞ የተከለከለ ነው።»

«ደስ ይላል» አሉ አቶ ኤርሲዶ። «አማርኛው ደስ ይላል። ለምን እንደጻፉት ይንገሩኝ።»

«ለከተማዋ ገጽታ» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ተልፈሰፈሰና ወለሉ ላይ ወደቀ። ፈረሱ አሽትቶ ተወው።

ሲስተር ልክነሽ ከበርጩማቸው ተነሡ። «ወደ ቤተ ሙከራ እንውሰዳቸው» አሉ። «መድኃኒት ለሰው ከመሰጠቱ በፊት ይሞከራል፤ ሕግም ያው ነው። ልዩነቱ፣ እኛ የምንሞክረው በጻፈው ሰው ላይ ነው።»

ግድግዳው ተከፈተ። ከግድግዳው ማዶ ያለው የራሳችን ገነሜ ነው፤ ያው አስፋልት፣ ያው ጭቃ። ከጭቃው በኩል ጡሩነሽ የምትባል ሴት ከነምጧ ተቀምጣለች። ሆስፒታሉ ከአስፋልቱ ማዶ ነው።

«ባጃጅ ጥሩላት!» አልኩ።

ባጃጅ መጣ። አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ቆመና ጎማውን ወደ ላይ ሰበሰበ፤ ውኃ የፈራች ድመት መሰለኝ። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ «ወንድሜ፣ ጭቃ አልገባም» አለኝና ተመልሶ ሄደ።

«ጋሪ አለ» አልኩ።

«አለ» አሉ አቶ ኤርሲዶ። «ግን ፈጽሞ ተከልክሏል።»

ሌላ መንገድ አልነበረም። እኔ በአንድ በኩል፣ ከንቲባው በሌላ በኩል ጡሩነሽን በእጃችን ወንበር ሠርተን ተሸከምናት። ከንቲባው «ወገቤን ያመኛል፣ የሐኪም ወረቀት አለኝ» ይላሉ። ጡሩነሽ «ዝም ብለው ይሂዱ፤ እኔን የሚያመኝ ወረቀት የለውም» አለቻቸው።

አስፋልቱ ላይ እግሬን ሳሳርፍ አንቀጽ አራት ከወረቀቱ ወርዶ ቁርጭምጭሚቴን ያዘኝ። ጥቁር፣ ቀጭን፣ በደንብ የተሰመረ እጅ ነበረው።

«ልቀቀኝ!»

«እንዴት ልልቀቅህ? ፈጽሞ ብለህ ጽፈኸኛል።»

«ሴትዮዋ ልትሞት ነው!»

«ስለ ሴትዮ የጻፍክብኝ ነገር የለም» አለኝ። በክፋት አልነበረም፤ እውነቱን ነው፤ አልጻፍኩበትም። ያን ጊዜ የተሰማኝን ነገር እስካሁን በቃል ለመግለጽ ይቸግረኛል። በገዛ እጄ አሳምሬ የሠራሁት ነገር ዓይን አልነበረውም። ዓይን ልሠራለት አላሰብኩም ነበር።

በዚህ ሰዓት ከኋላችን የዩኒቨርሲቲው ሰዎች ደረሱ። እውነቱን መናገር አለብኝ፤ ሁሉም እንደ ሲስተር ልክነሽ አልነበሩም። ሁለት ምሁራን መንገዱ ዳር ቆመው ጭቅጭቅ ገጠሙ። አንደኛው ምጡ በመጠናዊ ዘዴ መጠናት አለበት ይላል። ሌላው በዓይነታዊ ዘዴ ነው እንጂ ይላል። ጡሩነሽ አንድ ጊዜ ስትጮህ ግን ሁለቱም ዘዴያቸውን ጥለው ካባቸውን አወለቁና ሥሯ አነጠፉላት። ተማሪዎቹ በዙሪያዋ ቆመው በጀርባቸው ከለሏት። ሲስተር ልክነሽ እጅጌያቸውን ሰብስበው ተንበረከኩ። ማንም አላዘዛቸውም። ያን ሲያደርጉ ያየ ሰው ይህ ሥራቸው እንደሆነ፣ ከዚያ በፊትም ሲሠሩት እንደኖሩ ያውቃል።

ጡሩነሽ እዚያው አስፋልቱ ላይ ወለደች። የወለደችው አንቀጽ ነበር። ትንሽ ናት፤ ሦስት መስመር ብትሆን ነው። ፊደሎቿ ገና እርጥብ ናቸው። ሲስተር ልክነሽ እግሯን ይዘው ቸብ ሲያደርጓት አለቀሰች፤ ቁርጭምጭሚቴን የያዘኝ አንቀጽ አራትም ድምፁን ሲሰማ ለቀቀኝና አንገቱን ደፍቶ ጎን ቆመ።

የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት አባ ስምዖን ለብ ያለ ውኃ በሳፋ ይዘው መጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ ውኃው እንዳይፈስባቸው በጣም ተጠንቅቀው ነበር የሚራመዱት። ከንቲባው ወገባቸውን እያሹ ቀረቧቸው።

«አባ» አሉ፣ «ይህን ሁሉ የምታውቁ ከሆነ ለምን ከተማውን ራሳችሁ አታስተዳድሩትም? ማኅተሙ ይኸው። ይውሰዱት፤ እኔ ጋሪውን እጎትታለሁ፣ ለምጄዋለሁ።»

አባ ስምዖን ሳቁ። «አይ ልጄ፤ እኛ እዚያ ወንበር ላይ ከተቀመጥን ወንበሩን ማን ይጠይቀዋል?» አሉ። «እኛ አዋላጆች ነን። ውኃ እናሞቃለን፣ መብራት እንይዛለን፣ እናትየዋን አይዞሽ እንላለን። አዋላጅ ልጁን ይዛ ወደ ቤቷ አትሄድም።»

«ታዲያ ምን ትጠቀማላችሁ?»

«ልጁ በሕይወት ወጣ» አሉ አባ ስምዖን። ከዚያ ሳፋውን አስቀመጡና አንቀጿን ያጥቡ ጀመር።

ቀናሁባቸው። አሥራ አንድ ዓመት ደንብ ስጽፍ አንድም ቀን ውኃ አሙቄ አላውቅም። ቀና ብዬ ግቢያቸውን አየሁ። በሩ ላይ ስማቸው የተጻፈበት ሰሌዳ እንኳ ቀለሙ ለቅቋል፤ ያደሰውም የለም። ሰልፉ ግን አሁንም እየገባ ነው፤ ሚኒስትሩ ቆሎውን ጨርሶ አንዲት አሮጊት እጁን ይዘውት ወደ ውስጥ ያስገቡታል። እያለቀሰ ነው ወይስ እየሳቀ፣ ከሩቅ መለየት አልቻልኩም።

ጡሩነሽ አንቀጿን በሲስተር ልክነሽ ሻሽ ጠቅልላ ዘረጋችልኝ። «ያንብቧት» አለችኝ። አቶ ኤርሲዶ መነጽራቸውን አውልቀው አዋሱኝ። ፈረሱም በትከሻዬ ላይ አንገቱን አስግጎ ለማየት ተጠጋ፤ ትንፋሹ ጆሮዬን አሞቀው። የመጀመሪያዋን ቃል ላነብ ጎንበስ ስል ስልክ ጮኸ።

ነቃሁ። ከአሥር ሰዓት አልፏል። ጣሪያው ላይ ዝናብ ይወርዳል፤ ቆርቆሮውን ሊበሳው የደረሰ ዝናብ። ስልኩን አነሣሁ። የእውነቱ ከንቲባ ናቸው።

«ታገሰ! የት ነው ያለኸው? አራት ጊዜ ደወልኩልህ!»

«ተኝቼ ነበር። ምን ሆነ?»

«የዞን ሰዎች ሰኞ ይመጣሉ ስለተባለ ጉባኤውን ዛሬ አደረግነው። ደንብህ ጸድቋል። አሥራ ሰባት በዜሮ! እንኳን ደስ አለህ።»

አልጋዬ ላይ ቁጭ አልኩ። ደስ ሊለኝ ሞከርኩ፤ አልሆነም። «የተቃወመ የለም?» አልኩ።

«ከአባላት ማንም። ሲስተር ልክነሽ በታዛቢነት ተቀምጠው ነበር፤ እሳቸው እጃቸውን አውጥተው ተቃወሙ። ታዛቢ ድምፅ ስለሌለው አልቆጠርናቸውም። አሁን እሱን ተወው፤ ችግር ላይ ነን።»

«የምን ችግር?»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ዝናቡ ሁለት ሰዓት ሙሉ አላባራም። የእኔ መኪና አዳራሹ በር ላይ እስከ መስኮቷ ጭቃ ውስጥ ገብታለች። የሌሎቹም ያው ነው። ባጃጆቹ ስልክ አያነሡም። ከደጅ አምስት ጋሪ ቆሟል፤ ግን አንሄድም አሉን።»

«ለምን?»

«ወደ የቤታችን ለመሄድ አስፋልቱን ማቋረጥ አለብን። ተከልክሏል ይላሉ። ሕግ አክባሪዎች ነን ይላሉ። 'ከጸደቀበት ሰዓት ጀምሮ የጸና ይሆናል' ብለህ የጻፍከው እኮ አንተ ነህ!» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በል አንድ ማሻሻያ ንገረኝና አሁኑኑ እናጽድቀው። አባላቱ አልተበተኑም። የት ይበተናሉ?»

ዓረፍተ ነገሩ ተዘጋጅቶ አፌ ላይ መጣ። «ከከንቲባውና ከምክር ቤቱ አባላት በስተቀር።» ስድስት ሰከንድ አይፈጅም፤ ሰዋስውም አይጎድለውም። ዋጥኩት።

«ከባለጋሪዎቹ መካከል አቶ ኤርሲዶ አሉ?» አልኩ።

«ማነው እሱ?»

«ይጠይቁና ስልኩን ይስጧቸው።»

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ፣ ሰው «ኤርሲዶ! ኤርሲዶ የሚባል!» እያለ በዝናቡ ውስጥ ሲጣራ ሰማሁ። ከዚያ ጥንቃቄ የሞላው ድምፅ መጣ።

«አቤት።»

«አቶ ኤርሲዶ፣ ታገሰ ነኝ፤ ከምክር ቤቱ።»

«ዛሬ ስብሰባ የለዎትም?» አሉኝ።

ፊቴ ጋለ። «የለኝም። ያን ጊዜም አልነበረኝም፤ ዋሽቼዎታለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጋሪ አስፋልቱን ማቋረጥ ያለበት መቼ መቼ እንደሆነ ይንገሩኝ። እርስዎ ይበሉ፣ እኔ እጽፋለሁ።»

ፈረስ ሲተነፍስና ዝናብ ሲወርድ ብቻ ይሰማል። ዘጉት ብዬ ፈራሁ።

«አሁን ነው የሚሉኝ?» አሉ በመጨረሻ።

«አሁን።»

«እንግዲያውስ ይጻፉ። የታመመ ሰው ስንይዝ እንለፍ። ምጥ የያዛት ስትኖር እንለፍ። ቁመቱን እንሂድበት አላልንም፤ መኪናም ያስፈራናል። ሦስት ቦታ ማቋረጫ ይደረግልንና በዚያ ብቻ እንለፍ። ጭቃ የያዘው ሰው ሲኖርም እንለፍ።»

«ከንቲባውስ?»

«ጭቃ ከያዛቸው እሳቸውም ሰው ናቸው» አሉ።

እንዳሉት ጻፍኩ። አንድም ቃል አላሳመርኩም። ስልኩ ወደ ከንቲባው ሲመለስ አነበብኩላቸው። መስመር በመስመር ጮክ ብለው ለአዳራሹ ደገሙት። «ምጥ» የሚለው ላይ ሲደርሱ አንዲት ሴት አባል «ቆይ፣ እሱን ድገሙት» አለች፤ ደገሙት። ከዚያ ወንበር ሲንቀሳቀስ፣ ሰው ሲንሾካሾክ፣ ከንቲባው ድምፅ ሲቆጥሩ ሰማሁ።

«አሥራ ሰባት!» አሉኝ። «በሙሉ ድምፅ! እንዲህ በፍጥነት ያለቀ ነገር በዘመኔ አላየሁም።»

«ሲስተር ልክነሽስ?»

«አሁንም እጃቸውን አውጥተዋል፤ የአሁኑ ግን ለድጋፍ ነው። ሁለቱንም።»

«ቆጠሯቸው?»

«ታዛቢ ናቸው እኮ! እንዴት አድርጌ ልቁጠራቸው?» አሉ ከንቲባው። ጋሪው ሲንቋቋ፣ ሰው «ጠጋ በሉ፣ ጠጋ በሉ» ሲባባል ይሰማል። «ከፊት ግን ያስቀመጥነው እሳቸውን ነው። እኔ ከኋላ ተንጠልጥያለሁ። በል ዝጋው፤ ልንነሣ ነው።»